“ከማታውቁት ሰው ራቁ” ብቻ አይበቃም

ልጆቻችሁን ስለ ደኅንነታቸው ስትመክሩ መጀመሪያ የምትሉት ምንድን ነው? “ከማታውቁት ሰው ጋር እንዳትሄዱ” አይደል? በመተማ ዮሐንስ ይህ ምክር ይበልጥ ተገቢ ይመስላል። ከተማዋ ከሱዳኗ ገላባት ጋር ትዋሰናለች፤ በሰሊጥ አረምና አጨዳ ወቅት የቀን ሠራተኛ ከደጋ ይጎርፋል፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሱዳንን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በዚያ ገብተዋል። መንገደኛ በበዛበት ቦታ ወላጅ የማያውቀውን ቢፈራ አይፈረድበትም።

ሆኖም በልጆች ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት በአብዛኛው የሚመጣው ልጁ ከሚያውቀው፣ ቤተሰቡም ከሚያምነው ሰው ነው። ይህ በቆላውም በአዲስ አበባም እውነት ነው። የእምነት ቤቶችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። በፈረንሳይ አንድ ገለልተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ፣ ከ1950 ጀምሮ 216,000 ያህል ልጆች በካቶሊክ ካህናትና መነኮሳት ጥቃት እንደደረሰባቸው ገምቷል። ጉዳቱን ያባባሰው “የቤተ ክርስቲያን ስም እንዳይጠፋ” የሚለው ዝምታ ነበር።

ይህ ዝምታ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ከወላጁ ርቆ፣ ቁራሽ ለምኖ የሚማረውን የቆሎ ተማሪ አስቡት። አንድ ታላቅ ሰው ቢበድለው ለማን ይናገራል? ለከተማ ልጅም ቢሆን “አባ” ወይም “መምህር” ብሎ በሚያከብረው ሰው ላይ አፍ መክፈት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ልጃችሁን ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት ስትልኩ ያለ ሐፍረት ጠይቁ። ልጅ ከአንድ አዋቂ ጋር ብቻውን በዝግ ክፍል ይቀመጣል? ችግር ሲገጥመው የሚነግረው ሰው ተለይቶ ይታወቃል? ይህ አገልጋይን መጠርጠር አይደለም፤ ቅን አገልጋይንም ይጠብቃል።

ልጁ ከተናገረስ? “አምኜሃለሁ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም” በሉት። ደጋግማችሁ አትመርምሩት። ጥቃቱ በቅርብ የደረሰ ከሆነ ገላውን ሳታጥቡ፣ ልብሱንም ሳታጥቡ በወረቀት ከረጢት ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ፍጠኑ። ሆስፒታል ሩቅ ከሆነ ጤና ጣቢያም መነሻ ይሆናል። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ከሆነች ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያው በአምስት ቀን ውስጥ ይሰጣል። ጊዜው ቢያልፍም ሕክምናው አይቅር።

ከዚያ ፖሊስ እንጂ ሽማግሌ አይቅደም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 627 መሠረት፣ ዕድሜዋ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ልጅ ጋር ግብረ ሥጋ የፈጸመ ሰው ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። ተበዳዩ የአጥፊው ተማሪ ወይም በአደራ የተሰጠው ልጅ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። ይህ በካሳና በዕርቅ የሚዘጋ ጠብ አይደለም።

የንስሐ አባት፣ የሰበካ ጉባኤና ምእመናንም ድርሻ አላቸው። ጉዳዩ እስኪጣራ ተጠርጣሪውን ከልጆች ያርቁ፤ ተጎጂውን “ይቅር በል” ብለው አያጣድፉ፤ ቤተሰቡን በሐሜት አያባርሩ። ያ ልጅ ነገም በዚያው ቅጽር ሳይሸማቀቅ መቆም አለበት።

ዛሬ ማታ ልጃችሁን አንድ ነገር ጠይቁት፤ “ለእናትና ለአባትህ እንዳትናገር ያለህ ትልቅ ሰው አለ?” ከዚያ ዝም ብላችሁ አድምጡት።