የፒያሳ ምጣድ የት ሄደ?

ፒያሳን በፎቶ የሚያሞግስ ሁሉ የሚያሳየው ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የመብራት ምሰሶና ቀለም የተቀባ ሕንፃ ነው። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱም በርቷል፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን በዚያ መንገድ የሚያልፈው ተማሪ፣ ዘበኛና ጸሐፊ ምሳውን የት ይበላል? በስንት ብር?

ጥያቄው ቀላል መስሎ የሚታየው አራዳን ለማያውቅ ሰው ነው። አራዳ ገና ከጥንቱ የገበያና የምግብ ሰፈር ናት። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ እስኪያዛውረው ድረስ እህሉም ቅቤውም በርበሬውም የሚገኘው ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል፣ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል፣ የቆመውም እዚያው ነው። አርመኑ፣ ግሪኩና ሕንዱ ሱቅ የከፈቱትም እዚያው።

ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣ ፓስታውና ማኪያቶው፣ ፉርኖውና ቦምቦሊኖው ቀሩ። ፍራንቼስኮ ካስቴሊ ምግብ ቤቱን ከፈተ። ቶሞካም በ1953 እ.ኤ.አ. ቡና መቁላት ጀመረ። የአራዳ ልጅ ሁሉንም ተቀብሎ የራሱ አደረገው፤ ፓስታውን በእንጀራ ጠቀለለው፣ ቃሪያ ጨመረበት። በርበሬውም ቢሆን ከአሜሪካ ምድር ተነሥቶ ዓለምን የዞረ ተክል ነው። የፒያሳ ማዕድ ሲሠራ የኖረው እንዲህ ነው።

ታዋቂዎቹ ስሞች ግን የማዕዱ ትንሽ ክፍል ናቸው። ፒያሳን በየቀኑ ያበሏት በዶሮ ማነቂያ፣ በሠራተኛ ሰፈርና በእሪ በከንቱ ጓዳዎች እንጀራ የሚጋግሩ፣ ሽሮ የሚያንተከትኩ፣ ማለዳ ፍርፍር የሚያቀርቡ ሴቶች ናቸው። በርካሽ መሸጥ የቻሉት በርኅራኄ ብቻ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ የመጣው የቀበሌ ኪራይ ዝቅተኛ ስለነበረ ነው። ደንበኛውም ደጃፋቸው ላይ ነበር። ዝቅተኛ ኪራይና ቅርብ ደንበኛ፤ የፒያሳ ርካሽ ምሳ ምሥጢር ይኸው ነው።

በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተነሡ። ብዙ ቤተሰቦች በጥቂት ቀናት ውስጥ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ከተማዋ ዳር ሄዱ።

«ቤቶቹ እኮ ሊወድቁ የደረሱ ነበሩ፣ ለስንት አባወራ አንድ ሽንት ቤት ነበር» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። በክረምት የሚያፈስ ጣሪያ የሚናፍቀው ሰው የለም፤ ድህነትም ቅርስ አይደለም። ነገር ግን ከጣሪያው ጋር መተዳደሪያውም አብሮ ፈረሰ። ኮንዶሚኒየም የገባችው እናት የራሷ መጸዳጃ ቤት አገኘች እንበል፤ እንጀራዋን የሚገዛት ሰው ግን ፒያሳ ነው ያለው። ታክሲ ተሳፍራ መጥታ ሸጣ ብትመለስ ትርፏን መንገድ ይበላዋል። በአዲሱ ሕንፃ ምድር ቤት ሱቅ ልከራይ ብትል ደግሞ ኪራዩ ለባንክና ለቡቲክ የተሰፋ ነው።

«ታሪካዊ ሕንፃዎቹ ተርፈዋል» የሚለው መልስም ጎዶሎ ነው። ሕንፃ አያበስልም። በፒያሳ ክርክር ውስጥ ቅርስ ሲባል የሚነሣው ድንጋይና እንጨት ብቻ ነው፤ ምድጃው ከቁጥር አይገባም።

ሌላ አገር ይህን ተምሯል። ሊዝበን የኪራይ ሕጓን ካላላች በኋላ አሮጌ ሱቆቿና ምግብ ቤቶቿ በኪራይ ጭማሪ መዘጋት ጀመሩ። ከተማዋ በ2015 እ.ኤ.አ. «ታሪክ ያላቸው ሱቆች» የሚል መርሐ ግብር አወጣች። በ2017 ደግሞ የአገሪቱ ምክር ቤት እንዲህ ያሉ ተከራዮች በቀላሉ እንዳይባረሩ በሕግ ደነገገ። ችግሩ ጨርሶ አልተፈታም፤ ብዙ ቤት ተዘግቷል። ቢሆንም የፖርቱጋል ሕግ የሚጠብቀው ግድግዳውን ብቻ ሳይሆን በውስጡ የሚሠራውን ሥራም ነው።

አዲስ አበባም ይህን ማድረግ አያቅታትም። በፒያሳ ሲሠሩ የነበሩት ትናንሽ ምግብ ቤቶችና እንጀራ ጋጋሪዎች ይመዝገቡ። በአዲሶቹ ሕንፃዎች ምድር ቤት በሚችሉት ኪራይ የመመለስ ቅድሚያ ይሰጣቸው። ለቁርስና ለምሳ ቤት የሚሆን ቦታ ከፕላኑ ላይ ይከለል። ለአበባና ለፏፏቴ በጀት ያላጣች ከተማ ለምድጃ የሚሆን ጥግ አጣሁ ብትል የሚያምናት የለም።

ይህ ካልሆነ የነገዋ ፒያሳ ፎቶ የሚነሡባት እንጂ የሚበሉባት ሰፈር አትሆንም። ያ ተማሪም መንገዱን አድንቆ፣ ምሳውን ሳይበላ ያልፋል።