መግባት ብቻውን መከበር አይደለም



ስለ አንዲት አሜሪካዊት ጥቁር ዘፋኝ ያለኝን አሳብ ከዚህ በታች ጽፌ ልኬአለሁና ለአንባብያን በተመደበው ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ቅዳሜ ከአንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ጋራ ያደረግሁት ክርክር ነው። በቤቱ ተቀምጠን በ1943 ዓ.ም. የወጣውን «ታውዘንድስ ቺር» የሚባለውን የሆሊዉድ ፊልም ስናይ ሊና ሆርን ብቅ ብላ አንድ ዘፈን ዘፈነችና ሄደች። ባልደረባዬም «ዕድለኛ ሴት ናት፤ በዚያ ዘመን ጥቁር ሆኖ ከነዚያ ሁሉ ነጮች ጋራ በፊልም መታየት ቀላል ነገር አይደለም» አለ። እኔ ግን አልተስማማሁም። ምክንያቴንም እነሆ።

ሊና ሆርን በ1917 ዓ.ም. በኒው ዮርክ፣ በብሩክሊን ተወለደች። አያቷ ለጥቁር ሕዝብ መብት የሚታገል ማኅበር አባል ስለ ነበሩ ልጅቱን ገና በሁለት ዓመቷ በማኅበርተኛነት አስመዝግበዋታል። በ1933 ዓ.ም. በ16 ዓመቷ በሐርለም ሠፈር «ኮተን ክለብ» በሚባለው ናይት ክለብ ከተወዛዋዦቹ አንዷ ሆና ተቀጠረች። በዚያ ቤት መድረክ ላይ የሚዘፍኑት ጥቁሮች፣ ጠረጴዛ ከበው የሚጠጡት ግን ነጮች ብቻ ነበሩ። በ1941 ዓ.ም. ደግሞ ነጭና ጥቁር ጎን ለጎን በሚቀመጥበት «ካፌ ሶሳይቲ» በተባለው ክበብ ዘፈነች። በ1942 ዓ.ም. ኤም ጂ ኤም ከተባለው ታላቅ የፊልም ኩባንያ ጋራ የሰባት ዓመት ውል ፈረመች።

በዚያን ጊዜ በሆሊዉድ ለጥቁር ሴት የሚሰጠው ሥራ ብዙውን ጊዜ የገረድነት ነበር። አባቷም ከኩባንያው አለቆች ፊት ቀርበው «ለልጄ ገረድ መቅጠር እችላለሁ፤ እርሷ ገረድ ሆና የምትታይበት ምክንያት የለም» እንዳሉ ይነገራል። ልጅቱም በዚሁ ቃል ጸንታ ገረድ ሆና አልተጫወተችም።

ታዲያ ኩባንያው ምን አደረገ? ገረድ ያልሆነች ጥቁር ሴት በፊልም ስትታይ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ያሉ የሲኒማ ቤት ባለቤቶችና ሳንሱሮች አይወዱም ነበር። ስለዚህ በብዙዎቹ ፊልሞች ሊና ከሌሎቹ ተዋንያን ጋራ ሳትነጋገር፣ ከታሪኩም ሳትገባ፣ አጊጣ ለብቻዋ ዘፍና እንድትወጣ ተደረገ። በደቡብ ያሉትም ያን ክፍል ቆርጠው ሲጥሉት ታሪኩ አይጎድልም ነበር። በ1943 ዓ.ም. «ካቢን ኢን ዘ ስካይ» እና «ስቶርሚ ዌዘር» በተባሉት ፊልሞች እውነተኛ የተዋናይነት ሥራ ብታገኝም ሁለቱም ጥቁሮች ለብቻቸው የተጫወቱባቸው ነበሩ። ኩባንያው በ1951 ዓ.ም. «ሾው ቦት» የተባለውን ፊልም ሲሠራ የክልሷን የጁሊን ቦታ የሰጠው ለነጯ ለአቫ ጋርድነር ነው።

ባልደረባዬ ይህን ከሰማ በኋላ «ደመወዟን እስከተከፈላት ድረስ ምን ጎደለባት?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም «ወንድሜ፣ አንተ ወንበርና ጠረጴዛ ተሰጥቶህ፣ ደመወዝህም በየወሩ ተከፍሎህ፣ አንድም መዝገብ ባይመራልህና ብትቀር የሥራው ክፍል መቅረትህን ባያውቅ ተከበርሁ ትላለህን?» አልሁት። ሰው ከመሶቡ ፊት ተቀምጦ እንጀራ ካልተቆረሰለት ግብዣው ለስሙ ነው።

ሊና ይህን አውቃ ዝም አላለችም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወታደሮች ልትዘፍን በሄደችበት ሠፈር የተማረኩ ጀርመኖች ከፊት፣ የአገሯ ጥቁር ወታደሮች ከኋላቸው ተቀምጠው ብታገኝ፣ ከመድረክ ወርዳ ለምርኮኞቹ ጀርባዋን ሰጥታ ለወገኖቿ ዘፈነች። በ1950 ዓ.ም. ኮሙኒስት ናቸው ተብለው ከተጠረጠሩ የኪነ ጥበብ ሰዎች ጋራ ስሟ ስለ ታተመ የፊልሙና የቴሌቪዥኑ በር ለዓመታት ጠበበባት። ያን ጊዜ ያኖራት ናይት ክለብ ነው። በ1957 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ስትዘፍን የተቀዳው ሸክላ እጅግ ተሸጠ።

እዚህ ላይ ልብ እንድንል የምፈልገው ነገር አለ። ብዙዎቻችን ሲኒማን ክብር፣ ናይት ክለብን ውርደት አድርገን እንገምታለን፤ ዘፋኝንም «አዝማሪ» ብለን እናቃልላለን። የዚች ሴት ታሪክ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። በታላቁ ኩባንያ ፊልም ውስጥ በመቀስ የምትወጣ አንዲት ዘፈን ነበረች፤ በክለቡ መድረክ ላይ ግን ምሽቱ ራሱ እርሷ ነበረች። ብቻውን ቆሞ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚዘፍንን ሰው ማን ቆርጦ ይጥለዋል?

ከዚያም በ1963 ዓ.ም. ሰኔ ወር ወደ ሚሲሲፒ ሄዳ ከሜድጋር ኤቨርስ ጋራ በአንድ ስብሰባ ላይ ተገኘች፤ እርሱም ከጥቂት ቀን በኋላ ተገደለ። በዚያው ዓመት በነሐሴ በታላቁ የዋሽንግተን ሰልፍ ላይ ነበረች። በ1981 ዓ.ም. ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኗት ስለ ራሷ ሕይወት በብሮድዌይ ያቀረበችው ትርኢት 333 ጊዜ ታየ። በ2010 ዓ.ም. በ92 ዓመቷ ዐረፈች። በ2022 ዓ.ም. በብሮድዌይ አንድ ቴአትር ቤት በስሟ ተሰየመ።

የመጀመሪያው ሰው በር መክፈቱ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። የምለው፣ በሩን ያለፉትን ቆጥረን ብቻ አንመጻደቅ ነው። ጥያቄው «ገባ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ቢወጣ ሥራው ይጎድላል ወይ?» የሚል መሆን አለበት።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። እኔ በምመራው ክፍል ዓይነ ስውር የሆነ የተማረ ወጣት ከተቀጠረ ዓመት አልፎታል። በየስብሰባው መቀጠሩን አንሥቼ ተመስግኜበታለሁ። ከቅዳሜው ክርክር በኋላ ግን በዓመቱ ውስጥ ምን ሥራ እንደ መራሁለት ባስብ አንድም አላስታወስሁም። ሰኞ ጧት በመጀመሪያ የሄድሁት ወደ እርሱ ጠረጴዛ ነው።


አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ