የዝገት መድኃኒት ከጓዳ

ክረምቱ ሲወጣ ከአልጋ ሥር የተረሳውን መጋዝ ወይም ፒንሳ ቀይ ሆኖ ቢያገኙት፣ «ይኸስ አለቀለት» ብለው ለቁራሌው ከመስጠትዎ በፊት ጥቂት ይታገሡኝ። ቁራሌው በጥቂት ብር የሚወስደው ብረት መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ እንደገና ይሸጣል። ገዢውም ብዙ ጊዜ አዲስ መሣሪያ ለመግዛት አቅሙ ያልፈቀደለት ጀማሪ አናጢ ነው። ስለዚህ ምክሬ ለሻጩም ለገዢውም ይሆናል።

ምናለሽ ተራ በርሜሉ ምድጃ፣ ቆርቆሮውም ሳጥን የሚሆንበት ሰፈር ነው፤ የመዶሻው ድምፅ ጆሮ ያደነቁራል። ከዚያ የብረት ክምር መሣሪያ የሚመርጥ ሰው፣ ቀለም ተቀብቶ የሚያብለጨልጨውን ትቶ የዛገውን ቢመለከት ይሻለዋል እላለሁ። ቀለም ስንጥቅን ይሸፍናል፤ ዝገት ግን ያለውን አይደብቅም። ሲፍቁት ዱቄት ሆኖ የሚረግፍ ከሆነ ሥሩ ደኅና ነው። እንደ ዛፍ ቅርፊት የሚላጥና ከሥሩ የተቦረቦረ ከሆነ ግን ብረቱ ራሱ ተበልቷልና ገንዘብዎን ይያዙ።

ዝገት ብረት ከውሃና ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ነው። አሉሚኒየምም ከኦክሲጅን ጋር ይዋሐዳል፤ ነገር ግን የእርሱ ልባስ እንደ ቆዳ ተጣብቆ ውስጡን ይጠብቃል። ዝገት ግን ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ያብጥና ይረግፋል፤ የታችኛውንም ብረት ለእርጥበት ያጋልጣል። ተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ የምጽፍላቸውን ቀመር ቢረሱም ይህችን አይረሱም።

አሠራሩ ቀላል ነው። የእንጨት እጀታ ካለው ይንቀሉት፤ ቅባቱንም በሳሙና ይጠቡት። ከዚያ በፕላስቲክ ወይም በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አቼቶ አፍስሰው ነክረው ያሳድሩት። የአሉሚኒየም ድስት አይሁን፤ አሲዱ ድስቱንም ይበላዋል። ጋዝ ስለሚወጣው ክዳኑን አጥብቀው አይዝጉት። በማግሥቱ የለሰለሰውን ዝገት በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ይፈትጉ። ረጅም መጋዝ ከሆነ በአቼቶ በራሰ ጨርቅ ጠቅልሎ ማሳደር ይበቃል። ለትንንሽ ነጠብጣብ ሎሚና ጨው ይሆናል፤ ጨው ሳይታጠብ ከቀረ ግን ዝገትን መልሶ ይጠራል። ኮካ ኮላ ያስለቅቃል የሚሉም አሉ። ፎስፎሪክ አሲድ ስላለበት ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ቀርፋፋ ነው፣ ስኳሩም ያጣብቃል። እኔ ብሆን እጠጣዋለሁ።

በበረኪና ግን ቀልድ የለም። ልብስ ስለሚያነጣ ብረትንም የሚያጸዳ የሚመስላቸው አሉ። በረኪና ዝገትን ያባብሳል እንጂ አያስለቅቅም። ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ቢቀላቀልማ ክሎሪን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በሚያዝያ 1907 ዓ.ም.፣ ጀርመኖች በቤልጅግ አገር ኢፕር ላይ በጠላት ወታደሮች ላይ የለቀቁት ጋዝ ይኸው ነው። መስኮት በሌለው ጓዳ ውስጥ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቡት።

ብዙ ሰው ድካሙን ከንቱ የሚያደርገው ግን ዝገቱ ከለቀቀ በኋላ ነው። ከአቼቶ የወጣ ብረት ራቁቱን ነው፤ እርጥቡን ትተውት ቡና ጠጥተው ቢመለሱ ቢጫ ሆኖ ይጠብቅዎታል። በንጹሕ ውሃ ይጠቡት፤ የቀረው አሲድ እንዲከሽፍ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠው ያለቅልቁት። ወዲያው በጨርቅ አድርቀው በፀሐይ ያሙቁትና በስስ የሞተር ዘይት ወይም በስፌት መኪና ዘይት ይወልውሉት። የኑግ ዘይት አይሁን፤ ውሎ ሲያድር እየደረቀ ይጣበቃል። የተልባ ዘይት ደግሞ በዚሁ ጠባዩ ለእንጨቱ እጀታ ደኅና ነው።

ከዚያ መሬት ላይ ሳይሆን ግድግዳ ላይ ይስቀሉት፤ ሰኔ ሳይገባም ዘይቱን አንድ ጊዜ ያድሱለት።