የስፒናው ሦስተኛ እግር

ሕፃን በቤት ውስጥ ሲድህ እጁ አስቀድሞ የሚደርሰው ከግድግዳው ሥር ነው፤ ከግድግዳውም ሥር የኤሌክትሪክ ሶኬት አለ። ስለዚህ በገመዱ ጫፍ ያለው ስፒና አንዱ እግሩ ስለ ምን እንደሚረዝም ማወቅ የባለሙያ ብቻ ሳይሆን የወላጅም ጉዳይ ነው።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1944 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ከጦርነቱ በኋላ ለሚሠሩት ቤቶች የኤሌክትሪክን አገባብ ያጠና ጉባኤ አሳቡን አቀረበ። ከ20ዎቹ አባላት መካከል ሴት የነበሩት መሐንዲሷ ካሮላይን ሃስሌት ብቻ ነበሩ። ጉባኤው ለሕፃናት ደኅንነት ሲባል የሶኬቱ ቀዳዳ መከለያ እንዲኖረው አሳሰበ፤ በ1947 ዓ.ም. ደግሞ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግሩ ስፒና በደንብ ጸና።

ከሦስቱ እግሮች የላይኛው ረጅም ነው። ሥራው ኃይል ማምጣት ሳይሆን የዕቃውን ብረት ከመሬት ጋር ማገናኘት ነው። ስለ ረዘመም ሲሰካ ቀድሞ ይገናኛል፤ ሲነቀል በመጨረሻ ይለያል። በብዙዎቹ ሶኬቶች የታችኞቹን ቀዳዳዎች መከለያ የሚከፍተውም እርሱ ነው፤ እንግዲህ ሕፃን በታች ሚስማር ቢሰድ በሩ ዝግ ሆኖ ያገኘዋል። በካውያ ውስጥ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ቢነካም ኃይሉ በመሬቱ ሽቦ ይፈሳል፤ ወዲያውም ፊውዙ ቀልጦ መንገዱን ይቆርጣል። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ስፒናው በከፊል ሲነቀል ጣት ብረት እንዳይነካ የሁለቱ እግሮች ሥር በፕላስቲክ ተሸፈነ።

በአገራችን ያለው ሶኬት 220 ቮልት የሚሰጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክብ ቀዳዳ ያለው ነው፤ የመሬቱ መገናኛ ሲኖረው በጎንና በጎን ያሉት ብረቶች ናቸው። ከለንደን ወይም ከዱባይ የመጣ ካውያ እነዚህን ብረቶች በማይነካ አዳፕተር ቢሰካ ይሠራል፤ ስለሚሠራም ደኅና ይመስላል። ነገር ግን ዘበኛው ከደጅ ቀርቷል።

እንግዲህ የቤት እመቤትም አባወራም አዳፕተር ሲገዙ በጎኑ ብረት ያለውን ይምረጡ፤ የቤታቸውም የመሬት ሽቦ በእውነት ተያይዞ እንደ ሆነ ባለሙያ ይጠይቁ። የሶኬቱንም መከለያ በእንጨት ወይም በብዕር ገፍቶ መክፈት አይገባም፤ ልጅ አይቶ ይማረዋልና። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።