ያለቀ ነገር መቼ ይነሣል?

የጎንደር ደገኛ ሙግት ያውቃል። በደምቢያም ሆነ በወገራ፣ አባት የጀመረውን የርስት ነገር ልጅ ተቀብሎ ሲሟገት ኖሯል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ በአንቀጽ 1168፣ በልማድ የቤተ ዘመድ የጋራ የሆነውን መሬት ከዘመዶቹ አንዱ በማናቸውም ጊዜ ሊጠይቅ እንደሚችል ደንግጎ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን የርስት ሥርዓት ቀረ፤ ጥያቄው ግን አልቀረም። ነገር መቼ ያልቃል? ካለቀስ በኋላ መቼ ይነሣል?

ማለቂያ የሌለው ፍርድ ፍርድ አይባልም፤ የረታ ሰው ዕድሜ ልኩን ሲከሰስ መኖር የለበትም። ዳሩ ግን በሐሰት ምስክር የተገኘ ፍርድ ስለ ቆየ ብቻ እውነት አይሆንም። ሽማግሌዎቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ሲሉ፣ የሚያንገበግባቸው የንብረቱ ማነስና መብዛት ሳይሆን የፍርዱ መጓደል ነው።

የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ሁለቱን አስታርቋል። አንቀጽ 5 የተፈረደበት ነገር ዳግመኛ እንዳይከሰስበት ይከለክላል። አንቀጽ 6 ግን ይግባኝ ባልተባለበት ፍርድ ላይ፣ ሐሰተኛ ሰነድ፣ የሐሰት ምስክርነት ወይም ጉቦ ኋላ ሲገለጥ፣ ተግቶም ሊያውቀው ያልቻለ ባለ ጉዳይ ባወቀ በ1 ወር ውስጥ ለፈረደው ፍርድ ቤት እንዲያመለክት ይፈቅዳል፤ ነገሩ አስቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ ፍርዱን የሚለውጥ ሲሆን ነው።

የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤቶችም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። የአውሮፓው ፍርድ ቤት በ1978 እ.ኤ.አ.፣ ብሪታንያ በሰሜን አየርላንድ እስረኞችን የመረመረችበት መንገድ ኢሰብአዊ ነው እንጂ ማሠቃየት አይባልም ሲል ፈርዶ ነበር። አየርላንድ አዲስ ሰነዶች ይዛ ፍርዱ እንዲታረም በ2014 አመለከተች። ፍርድ ቤቱም በ2018፣ ሰነዶቹ ውጤቱን አይለውጡም ብሎ በ6 ለ1 ድምፅ ጥያቄውን ጣለው። የ40 ዓመት ነገር ተሰማ፤ ፍርዱ ግን ጸና። በሩ ጠባብ ነው፤ መጥበቡም ተገቢ ነው።

አሩሻ የሚገኘው የአፍሪካ የሰዎችና ሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤትም፣ በፕሮቶኮሉ አንቀጽ 28 መሠረት፣ አዲስ ማስረጃ ሲገኝ ይግባኝ የሌለውን ፍርዱን እንደገና ሊያይ ይችላል። የእኛ ችግር ግን ከዚህ አስቀድሞ ይጀምራል። ኢትዮጵያ ፕሮቶኮሉን በ1998 እ.ኤ.አ. ፈረመች እንጂ አላጸደቀችውም። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ የሆነች አገር ዜጋ፣ ነገሩ በሰበር ችሎት ካለቀ በኋላ መንግሥቱን በአሩሻ ሊከስ አይችልም። ባልተከፈተ በር ላይ ጠበበ ሰፋ ብሎ መከራከር ምን ይጠቅማል?

ስለዚህ ፕሮቶኮሉ ይጽደቅ፤ ግለሰብ በቀጥታ እንዲከስ አንቀጽ 34 የሚጠይቀው መግለጫም ይሰጥ እንላለን። በእውነት የረታ ያለ ሥጋት ይደር፤ በሐሰት የተረታም የሚያንኳኳው በር አይጣ።