የዳነ የሚመስል ሕመምተኛ

በሰው አንጎል ውስጥ በየቀኑ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ይመነጫል፤ ተመልሶም ወደ ደም ይገባል። መመለሻው የተዘጋበት ሰው ግን ውሃው በራስ ቅሉ ውስጥ ተከማችቶ አንጎሉን ይጫነዋል። ለዚህ በሽታ ሐኪሞች ያገኙት መፍትሔ ቀጭን ቱቦ ከአንጎል አንሥተው በአንገትና በደረት ቆዳ ሥር በማሳለፍ ውሃውን ወደ ሆድ ማውረድ ነው። በአሜሪካ አገር ጆን ሆልተር የሚባል የፋብሪካ ባለሙያ፣ ልጁ በዚህ በሽታ ስለ ተያዘ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1956 የውሃውን ልክ የሚጠብቅ ቫልቭ ከሲሊኮን ሠራ፤ በዚህም ብዙ ሕፃናት ከሞት ተረፉ።

ነገር ግን ከሞት መትረፍና ከሕመም መገላገል አንድ አይደሉም። ቱቦው ብዙ ጊዜ እስከ ዕድሜ ፍጻሜ በሰውነት ውስጥ ይኖራል። ውሃው ከልክ በላይ ሲወርድ ሕመምተኛው በቆመ ጊዜ ራሱን ያመዋል፤ በተኛ ጊዜ ይሻለዋል። አንገቱን ሲያዞር ቱቦው የሚስበው፣ ቫልቩ ባለበት ጐን መተኛት የማይችልም አለ። ጠባሳውን ጠጕር ስለ ሸፈነው ይህን የሚያይ ዐይን የለም። ስለዚህ አለቃው ሰነፍ ይለዋል፤ መምህሩ ምክንያት ያበዛል ይለዋል፤ ዘመዱም ከዳንህ ስንት ዘመን ሆነህ ብሎ ይገሥጸዋል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ይህ ሰው ግን አልደበቀም፤ የሰሙት አላመኑትም እንጂ። አለማመኑም የሚያመጣው ኀዘንን ብቻ አይደለም። ለሕፃናት ከሚገባው ቱቦ ወደ ግማሽ የሚጠጋው በ2 ዓመት ውስጥ ይበላሻል፤ ምልክቱም የራስ ምታት፣ ማስታወክና ከባድ እንቅልፍ ነው። ዘወትር «ልማዱ ነው» የሚባል ሕመምተኛ ቱቦው በተዘጋ ዕለት የሚያደርሰው አጥቶ ሊሞት ይችላል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሥልጠና በዚያው አቈጣጠር በ2006 ተጀምሯል። ቱቦ የገባላቸው ልጆችም አድገው ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ መሥሪያ ቤትና ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ። እንግዲህ ሹም የሆነ ሁሉ ለሕክምና የሚሄድበትን ፈቃድና ጥቂት ጋደም የሚልበትን ሰዓት አይንፈገው። ካህንም ሲቆም የሚያመው ሰው በቅዳሴ ጊዜ ቢቀመጥ እንደ ስንፍና አይቍጠርበት፤ በጸሎትና በጠበል ሲያጽናናውም ሐኪሙን እንዳይተው ይምከረው። ይህ ሁሉ የመንግሥትን ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ሕመምተኛው አመመኝ ባለ ጊዜ ቃሉን መቀበል ነው።