የባሕሩ ኦርጋን፦ ቁጭ ከማለታችሁ በፊት

በሞያሌ በኩል ለምንመላለስ ነጋዴዎች ባሕር ማለት ሞምባሳ ነው፤ ክሬን፣ ጉምሩክ፣ የዘገየ ኮንቴይነር። ዘንድሮ ታላቅ እኅቴን ልጠይቅ ኦክላንድ ሄጄ፣ ልጆቿ ድልድዩን አሻግረው ሳን ፍራንሲስኮ ወሰዱኝና ባሕር የሚጫወተው ኦርጋን አሳዩኝ። «ዌቭ ኦርጋን» ይሉታል።

ማሪና በሚባለው ሰፈር፣ ከጀልባ ማቆሚያው አልፎ ውኃው ዳር ነው። መግቢያ አይከፈልም። ኤክስፕሎራቶሪየም የተባለው ሙዚየም በ1986 እ.ኤ.አ. ያሠራው ነው፤ ሐሳቡ የፒተር ሪቻርድስ፣ የድንጋዩ ሥራ የጆርጅ ጎንዛሌዝ። 25 የፕላስቲክና የኮንክሪት ቱቦዎች በድንጋዩ መሐል ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ። ሞገዱ የቱቦውን አፍ ሲመታ፣ ውኃው ሲገባና ሲወጣ ድምፅ ይሰጣል።

ዘፈን ጠብቆ የሄደ ይከፋዋል። እኛ የደረስነው ባሕሩ በሸሸበት ሰዓት ስለነበር የሰማነው እንስራ ሲሞላ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ብቻ ነው። መሄድ ያለባችሁ ባሕሩ በሚሞላበት ሰዓት ነው፤ ሰዓቱን አስቀድማችሁ ስልክ ላይ እዩ። ከዚያ ጆሮን ቱቦው ላይ ደቅኖ ዝም ማለት ነው። ለነጋዴ ከባዱ ይኸኛው ነው፤ እኔ ስልኬን ሁለት ጊዜ አነሣሁ።

እኅቴ ግን አልተቀመጠችም። መቀመጫውም ደረጃውም የተጠረበ ግራናይትና እምነ በረድ ነው፤ የመቃብር ድንጋይ። ሎሬል ሂል የሚባለው መካነ መቃብር ሲነሣ ዐፅሙ ወደ ኮልማ ተዛወረ፤ ጠያቂ ያጣው ድንጋይ ለግንባታ ዋለ። «የሰው መቃብር ላይ ተቀምጬ ሙዚቃ አልሰማም» አለች። ልጆቿ «ዐፅሙ እኮ እዚህ የለም» ብለው ተዘርግተው ተቀመጡ።

እኔ በግማሽ ከእሷ ጋር ነኝ። ድንጋዩ ተሰባብሮ ባሕር ከሚጣል፣ ሰው ዝም ብሎ የሚያዳምጥበት ቦታ መሆኑን አልጠላሁትም። ነገር ግን ሳያውቁ መቀመጥ ደግ አይደለም። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ መጀመሪያ ድንጋዩን ንገሯቸው፣ ከዚያ ቱቦውን አሳዩአቸው። መቀመጡን ራሳቸው ይወስኑ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ እኅቴ ስለ ኦርጋኑ አንድም ቃል አልተናገረችም። ወንድማችን የተቀበረው ሞምባሳ ነው። «የእሱን ድንጋይ መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?» አለችኝ።

በዓመት አራት ጊዜ ለዕቃ እሄዳለሁ። መቃብሩን ካየሁት ስድስት ዓመት ሆኖኛል።